የሚኪያስ ሁለተኛው ዓይን

ስርጉት ስትናደድ ብሩሽ ታጥባለች። ይቆሽሽም አይቆሽሽም ያላትን ብሩሽ ሁሉ ትሰበስብና ጋራዧ ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር ተቀምጣ በሳሙና ትፈትጋለች። ልጇ ልዩ፣ ሪቻርድሰን ከተማ ካለው ዩኒቨርሲቲ ስትመለስ የውሃውን ድምፅ ከሰማች በጋራዥ በኩል አትገባም፤ ዞራ በፊት ለፊቱ በር ትገባና ቁጣው እስኪያልፍ ክፍሏ ውስጥ ትቀመጣለች። በዚያ ነሐሴ፣ አሜሪካ የሚኖሩባት ካሮልተን ከተማ እንደ ምድጃ በምትነድበት ሰሞን፣ ውሃው ቀኑን ሙሉ ሲወርድ ዋለ።

ነገሩ የመጣው በስልክ ነው። ላኪው ሚኪያስ ነበር፤ የጭነት መኪናዎች ባለቤት፣ የደብሩ የሕንፃ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ በራሱ ወጪ ያስጠገነ ሰው። እንዲህ ይላል፤ «ሰላም እህት ስርጉት። ሶ፣ እኔን ልክ እንደዚህ አድርገሽ ሣይኝ። ፎርት ዎርዝ ሙዚየም ሄጄ ነው ያነሣሁት። ሌላ ሰው እንዳይጨመር። ኮሚቴው ተስማምቷል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» ከጽሑፉ ሥር ፎቶ አለ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ከእግሯ ሥር ጥቁር ካባ የለበሰ ፈረንጅ እጆቹን አጋጥሞ ተንበርክኳል። ፊቱ ወደ እሷ ስለዞረ የሚታየው ግማሹ ብቻ ነው።

ስርጉት ፎቶውን ብዙም አላየችው። ዓይኗ የተተከለው «ሌላ ሰው እንዳይጨመር» የምትለው ላይ ነው። ያ «ሌላ ሰው» ስም ነበረው። እትዬ እማዋይሽ ይባላሉ።

ዛሬ እሑድ እሑድ የመኪና ማቆሚያው አልበቃ የሚለው ያ ደብር የተጀመረው በእትዬ እማዋይሽ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ሆስፒታል ያጸዱ ነበር። ቅዳሜ ማታ ሶፋቸውን ኮሪደር ላይ ያወጡታል፣ ቴሌቪዥኑን በነጠላ ይሸፍኑታል፣ ከነጠላው በላይ የእመቤታችንን ሥዕል ይሰቅላሉ፤ አለቀ፣ ቤቱ ጸሎት ቤት ሆነ። ከኤርፖርት የወጣው ከነዩኒፎርሙ፣ ከመጋዘን የወጣው ከነአቧራው ይመጣል። ጎረቤት በጩኸት የተነሣ ፖሊስ ሲጠራባቸው ለፖሊሱም ዳቦ ቆርሰው ሰጡት ይባላል። እሳቸው ግን «ውሸት ነው፣ ሻይ ብቻ ነው የጠጣው» ይላሉ።

ምእመኑ በዝቶ አንድ የቀድሞ ምንጣፍ መሸጫ ተገዛና ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የፊት ግድግዳው ላይ እመቤታችን ትሣል ሲባል ስርጉት በነጻ እሠራለሁ አለች። ያኔ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከሥሯ ማን ይሁን?» የሚል ነበር። በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያሠራ ሰው ከሥዕሉ ግርጌ ይሣላል፤ ንጉሥም ይሁን ባላገር ተደፍቶ ወይ ተንበርክኮ፣ ከራሱ በላይ «እገሌ ተማፀነ» ተብሎ ይጻፍለታል። ሰው ሁሉ ባንድ አፍ «እትዬ እማዋይሽ!» አለ። እሳቸው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው «እኔን? ምን አድርጌ?» አሉ። ስርጉት እጃቸውን ይዛ «በገዛ እጄ ነው የምሥልዎት» አለቻቸው። ይህን ያለችው ሰው መሐል ነው፤ ቃሏን ሰጠች።

አሁን ያን ቃል አንድ ሰው በስልክ መልእክት ሊያስበላት ነው።

ስርጉት ቁጣ የጀመራት አሜሪካ አይደለም። አባቷ መሪጌታ አሻግሬ በደብረ ታቦር አካባቢ ስማቸው የተጠራ ሠዓሊ ነበሩ። ሥዕል የሚሠሩት ቤታቸው ነው፤ አቡጀዲውን ወጥረው፣ በጀሶና በሙጫ ቀብተው ይሥሉበታል፤ ሲያልቅ ጠቅልለው ወስደው ግድግዳው ላይ ይለጥፉታል። ሙጫውን የምታፈላው፣ ቀለሙን የምትበጠብጠው ስርጉት ናት። ኋላ ልብስ እንድትቀባ ፈቀዱላት፣ ኋላ እጅና እግር። የአባቷ ዓይን ሲደክም ደግሞ ፊቱንም እሷ ትሠራው ጀመር። ሥዕሉ መቅደስ ሲገባ ግን እሷ ውጭ ትቀራለች፤ ሴት ናት። ሰው እየወጣ «የመሪጌታ እጅ ይባረክ!» ሲል፣ መሪጌታም «አሜን» ሲሉ፣ እሷ ሙጫ የደረቀበት ጣቷን እየላጠች ደጅ ትቆማለች። አባቷን ትወዳቸዋለች። ያንን «አሜን» ግን እስከ ዛሬ አልዋጠችውም።

አባቷ መጀመሪያ ያስተማሯት ዓይን ነው። ጻድቅ ፊቱ ወደ ሰው ዞሮ፣ በሁለት ዓይኑ እያየ ይሣላል። ክፉ በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል፤ ይሁዳ፣ ጌታን የገረፉት ወታደሮች፣ ሰይጣን፣ ሁሉም። ማንበብ የማይችለው ባላገር ደጉን ከክፉው የሚለየው በዚህ ነው። አንድ ጊዜ በልጅነቷ ቅዱስ ጴጥሮስን በጎን ሣለችው። አባቷ በዕድሜያቸው የመቷት ያን ቀን ብቻ ነው፤ «ሐዋርያውን ከነማን ጋር ቀላቀልሽው!» እያሉ።

በዲቪ መጣች። ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ መጋዘን ዕቃ ታሽጋለች፤ ቅዳሜና ከሥራ መልስ ጋራዧ ውስጥ ትሥላለች። መኪናዋ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው ፓርክ የምትደረገው፤ ጋራዡ የእመቤታችን ነው።

ልዩ ነርሲንግ ትማራለች ተብላ ገብታ ወደ ሥነ ጥበብ ታሪክ የቀየረች ጊዜ ብሩሾቹ ለሁለት ቀን ታጥበዋል። አሁን ግን ስርጉት ስልኩን ልጇ ፊት ዘረጋችላት።

«ይሄ ምንድን ነው? አንብቢልኝ።»

«እማ፣ ይሄማ ፍሌሚሽ ነው!»

«በሽታ ነው?»

«አይ! ከፍላንደርስ። ማለቴ፣ የዛሬው ቤልጂየም። ያ የተንበረከከው ሰውዬ ሥዕሉን ያሠራው ነው። ነጋዴ ይመስለኛል።»

«እነሱም ከሥር ይንበረከካሉ?»

«ይንበረከካሉ እንጂ። ልክ እንደኛ።»

ስርጉት ይህ አልጣማትም። «ልክ እንደኛ» የሚባል ነገር አትወድም። ቢሆንም በዕረፍት ቀኗ ልዩን አስነድታ ፎርት ዎርዝ ወረደች። መንገዱ ላይ ሃይዌዩን ተሳደበች፣ ፓርኪንጉን ተሳደበች፣ ሙዚየሙ ውስጥ እንደ በረዶ የሚቀዘቅዘውን አየር ተሳደበች። ሥዕሉ ፊት ስትደርስ ግን መሳደቡን ተወች። ግድግዳ የሚያህል ነገር ጠብቃ ነበር፤ የሻይ ትሪ ነው የሚያክለው። በዚያች ትሪ ላይ የቀሚሱ እጥፋት አንድ በአንድ፣ የካባው ጠጉር አንድ በአንድ፣ ከመስኮቱ ውጭ ወንዝ፣ ወንዙ ላይ ድልድይ፣ ድልድዩ ላይ ፈረስ አለ። የሰውየው ጉንጭ ላይ ኪንታሮት አለ።

«ኪንታሮቱን እንኳ አልማረውም» አለች ስርጉት፤ ድምፅዋ ወረደ። «በምንድን ነው የቀባው?»

«በዘይት። ቀለሙን በዘይት አቅጥነው አንዱን ስስ ሽፋን በሌላው ላይ ይቀቡታል፣ ብርሃኑ ከውስጥ የሚመጣ እስኪመስል። ከፍላንደርስ በስተ ሰሜን ያሉት ደቾች ደግሞ በኋላ ፕሮቴስታንት ሲሆኑ በየቤተ ክርስቲያኑ የነበረው ሥዕል ተሰበረ፣ ግድግዳው በኖራ ተለቀለቀ። ሠዓሊዎቹ ዳቦ አጡ። ሶ፣ ለሀብታም ሳሎን መሥራት ጀመሩ፤ ሎሚ፣ ዓሣ፣ ወተት የምትቀዳ ሴት።»

«ግድግዳቸውን ቀምተዋቸው ዓሣ ሣሉ?»

«በጣም ቆንጆ ዓሣ።»

«ዓሣው ምን ያደርግልኛል!» አለች ስርጉት። ጥበቃው ዞር ብሎ አያት። እሷ ግን ተናዳለች፤ ምክንያቱም ሥዕሉ ያምራል። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ደስ ብሏት ትመለስ ነበር።

ልዩ እዚያ ላይ ቢበቃት ጥሩ ነበር። አልበቃትም። «ደግሞ ታውቂያለሽ እማ፣ የኛም ሥዕል ከነሱ ጋር ተነካክቷል። እዚያው ፍላንደርስ ባለችው አንትወርፕ ከተማ በመዳብ ላይ ተቀርጸው የታተሙ የወንጌል ሥዕሎች በጀስዊት ካህናት እጅ ኢትዮጵያ ደርሰዋል። የጎንደር ሠዓሊዎች እያዩ ቀድተዋል።»

«አባቴ ከፈረንጅ ቀዳ ነው የምትዪኝ?»

«አያቴ አይደሉም! የአስተማሪያቸው አስተማሪ አስተማሪ...»

«ሌባ የሌባ ልጅ በይኛ! ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?»

«እማ ጨርሺኝ! ቀዱ፤ ግን እንዳለ አልቀዱም። እዚያ በጎን የነበረውን ቅዱስ ፊቱን አዙረው ሁለት ዓይን ሰጥተውታል። እነሱ የማያውቁትን ነገር ጨመሩበት።»

ስርጉት አፏ ላይ የነበረውን ስድብ ዋጠችው። ወደተንበረከከው ነጋዴ ዞረች፣ አየችው። «ሰውየው አንድ ዓይን ነው» አለች ቀስ ብላ።

«እነሱ ዘንድ ትሕትና ነው፤ ወደ እሷ እያየ ስለሆነ።»

«እኛስ ዘንድ?»

ልዩ አፏን በእጇ ያዘች። «ኦ ማይ ጋድ» አለች። እናቷ ፈገግ ብላ ነበር፤ ያ ፈገግታ ልጅቷን ከቁጣው ይበልጥ አስፈራት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስርጉት ሚኪያስን መኪና ማቆሚያው ላይ ያዘችው። ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ሽቶው ቀድሞት እየመጣ ነበር።

«ሚኪያስ፣ እትዬ እማዋይሽን ለምን አወጣሃቸው?»

«እኔ አላወጣሁም እህት ስርጉት፣ ኮሚቴው ነው።»

«ኮሚቴው አንተ ነህ።»

«ፕሮሰስ አለ እኮ! ደግሞስ ጣሪያውን ማን አስጠገነው? ዝናብ ሲመጣ በባልዲ መሐል ነበር የምናስቀድሰው።»

«እትዬ እማዋይሽ ቤት ጣሪያው አያፈስም ነበር።»

ሚኪያስ ሣቀ፤ ግን ጥርሱ ብቻ ነው የሣቀው። «ስሚ፣ እኔ ለሥራሽ ትልቅ አክብሮት አለኝ። ግን እንነጋገር ከተባለ፣ የኛ ሥዕል ካርቱን ይመስላል። ዓይኑ እንቁላል እያከለ! ልጆቼ ይሥቃሉ። ሙዚየም ያለውን አየሽው? ኳሊቲ ነው። እሱን እናምጣ ነው የምልሽ።»

ስርጉት የመኪናዋን ቁልፍ እስኪያማት ጨበጠችው። «በጎን መሣል ነው የፈለግኸው?»

«ልክ እንደ ፎቶው። እንዳትቀይሪው።»

«አልቀይረውም» አለች። «በእግዚአብሔር ስም፣ አንድ ፀጉር አልቀይርም።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰሞን ልዩ ስታስታውስ፣ እናቷ እንደዚያ ስትሠራ አይታ አታውቅም። እመቤታችንን እንደ አባቷ ሠራቻት፤ ሰፊ ዓይን፣ ሰማያዊ መጎናጸፊያ፣ ግራና ቀኝ ሚካኤልና ገብርኤል። ሚኪያስን ግን እንደ ፍሌሚሾቹ። ቀለሟን አቅጥና አንዱ እስኪደርቅ እየጠበቀች፣ በላዩ ሌላ እየደረበች፣ ጆሮውን፣ የተላጨው ጺሙ ሊወጣ ሲል የሚያጠቁረውን አገጩን፣ አፍንጫው ላይ ያለችውን ጠባሳ ሠራች። ንዴት እጇን አላንቀጠቀጠውም፤ እንዲያውም ቀጥ አደረገው። በሕይወቷ እንዲህ ሰው የሚመስል ሰው ሥላ አታውቅም። አንድ ዓይን።

«እማ፣ ይሄ ክፋት ነው» አለች ልዩ።

«የጠየቀኝን ነው የሠራሁት።»

«ምን እንደጠየቀ አያውቅም እኮ!»

«ጣሪያ ማስጠገን የሚያውቅ ሰው ይሄንንም ጠይቆ ይወቅ።»

እትዬ እማዋይሽ የመጡት ሥዕሉ ሊያልቅ ሲል ነው። ከሥዕሉ መውጣታቸውን ሰው ነግሯቸዋል፤ እሳቸው ግን የመጡት ለዚያ አልነበረም፤ የቡና ቁርስ ይዘው ሠዓሊዋን ሊጠይቁ ነው። የጋራዡ በር ተከፍቷል፣ ማራገቢያው ይጮኻል። የፕላስቲክ ወንበር ላይ አረፍ አሉና መነጽራቸውን አደረጉ። እመቤታችንን አይተው ተሳለሙ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ታች ወረደ፣ እዚያው ቀረ።

«ይሄ ማነው?»

«ሚኪያስ ነው።»

«መሆኑንማ አየሁት። ቁርጥ እሱን ነው። ዓይኑ የታለ?»

ስርጉት ብሩሹን ጨርቅ ላይ ጠራረገች። «እንደዚህ ሣይኝ ብሎ ነው።»

«እንደዚህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል?»

ስርጉት ጎንበስ ብላ የቀለም ጣሳ ትከድን ጀመር።

«ስርጉት፣ አንቺን ነው የምጠይቅሽ።»

«አያውቅም! አይወቅ! የእርስዎን ቦታ ነጥቆ ሊንበረከክበት ነው እኮ እትዬ! ይንበረከክ። አሮጊቶቹ ሁሉ እያዩ፣ ከይሁዳ ወንድሞች አንዱ መሆኑን እያወቁ ይንበረከክ! ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ነው?» እትዬ እማዋይሽ ተነሡ። አጭር ናቸው፣ ሲቆጡ ግን ጋራዡ ጠበበ። «እኔ መቼ ላክሁሽ? ሰው በስለት በሚማፀንባት ሥዕል ላይ ቂምሽን ልትለጥፊ? ባለጌ! አባትሽ ቢያዩሽ ምን ይሉሻል?»

«አባቴማ 'አሜን' ይላሉ!» ብላ ጮኸች ስርጉት፤ ከየት እንደመጣ እሷም አላወቀችውም። «ሌላው የሠራውን ተቀብለው 'አሜን' ነው የሚሉት! እርስዎም ያው! ሰው ሲገፋዎት 'ምን አድርጌ' ይላሉ፣ በነጠላ ይሸፈናሉ፣ አለቀ! እኔ ሰለቸኝ!»

አሮጊቷ መልሰው ተቀመጡ። ልዩ በሩ ሥር ቆማ ትሰማለች።

«ሚኪያስን ጥሪው» አሉ። «ራስሽ ንገሪው። ካልነገርሽው በዚህች ሥዕል ፊት አልቆምም፤ እሑድ እሑድም ሌላ ደብር እሄዳለሁ።»

ስርጉት ደወለች። ሚኪያስ ከሰዓት በኋላውን መጣ፤ ትልቅ ፒክአፑን መንገዱን ዘግቶ ፓርክ አደረገና ገባ። እትዬ እማዋይሽን ሲያይ ትንሽ ደነገጠ፣ «እንደምን አሉ እማማ» ብሎ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ሥዕሉን አየው።

«ዋው» አለ። ቀረብ አለ። «ጠባሳዬን እንኳ! እህት ስርጉት፣ ይሄ እኮ ከሙዚየሙ ይበልጣል! አንድ ጊዜ ለባለቤቴ ፎቶ ልላክላት።» ስልኩን አወጣ። እንደ ልጅ ደስ ብሎት ነበር፤ ስርጉት ይህንን አላሰበችውም፣ ይህም አናደዳት።

«ፎቶውን አቁም» አለችው። ነገረችው፤ ስለ ጻድቁ፣ ስለ ክፉው፣ ስለ ይሁዳ። ሳታለሳልስ፣ ሳታሳጥር።

ሚኪያስ ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ። «ይሄን ሰው ያውቀዋል?»

«ወጣቶቹ አያውቁትም። አገር ቤት ቤተ ክርስቲያን ያረጁት ሁሉ ያውቁታል።»

«ሶ፣ በየሳምንቱ እኔን እንደዚያ እያዩኝ ሊሳለሙ ነበር። አንቺም እያወቅሽ።»

«እያወቅሁ።»

«ምን አድርጌሻለሁ?»

«ቃሌን አስበላኸኝ! የማን ቦታ እንደሆነ እያወቅህ!»

«የማን ቦታ! ሁሉም የማን ቦታ ይለኛል!» ጎረቤት ሣር የሚያጭደው ሰውዬ ማሽኑን አጥፍቶ አያቸው። ሚኪያስ ግድ አልሰጠውም። «እሳቸው እዚያ ከተሣሉ ሰው ታሪካቸውን ይጠይቃል። ታሪካቸው ውስጥ ደግሞ እኔ አለሁ! ሊቀበለኝ ቃል የገባው ሰው ኤርፖርት ጥሎኝ፣ ሻንጣዬን ይዤ አስፋልት ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ! እሳቸው ቤት ወለል ላይ ክረምቱን የከረምኩት፣ ካልሲ ሳይቀር ያጠቡልኝ! ሚስቴ ይሄን አታውቅም፣ ልጆቼ አያውቁም። የያኔውን እኔን ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ እሑድ እሑድ ልታሳዩኝ ነው?»

ስርጉት ይህን አልሰማችም ነበር፤ ለማንም አልተነገረም።

«ታንኮራፋ ነበር» አሉ እትዬ እማዋይሽ።

«እማማ፣ ባክዎ...»

«መኝታህ እንዲሰፋ ብዬ ሶፋውን ኮሪደር ላይ ማውጣት የጀመርኩት ያኔ ነው። ለምእመኑ ብለው ነው ሲሉኝ ዝም እላለሁ።»

ማንም አልሣቀም። ሚኪያስ ፊቱን ጠረገ። «ሐሳቤን አልቀይርም» አለ። «ዓይኑን አስተካክዪው፣ እኔ ብቻዬን እሆናለሁ። ካልሆነ ትልቅ የታተመ ሥዕል አዝዤ ግድግዳውን እሸፍነዋለሁ። ኮሚቴው ይፈርምልኛል።»

«እዘዝ! አሁኑኑ እዘዝ! ይሄን አቡጀዲ በመቀስ...»

«ዝም በሉ!» አሉ አሮጊቷ። «ሁለታችሁም። ስርጉት፣ ሁለት ዓይን ሥሪለት። እኔን ተዪኝ። ይሄ ትእዛዝ ነው።»

ስርጉት አሮጊቷን አየች፣ ሰውየውን አየች። ከዚያ ባልዲ ገልብጣ በእግሯ ወደ እሱ ገፋችው። «ተቀመጥ። ወደኔ ዙር።»

ሚኪያስ ተቀመጠ። ፊት ለፊት የሚሣል ሰው ሠዓሊዋን ማየት አለበት። እሱ ደግሞ ማየት አልቻለም፤ ዓይኑ ወደ በሩ፣ ወደ ወለሉ፣ ወደ ጫማው ይሄድበታል። «እየኝ!» ትለዋለች። ያያታል፣ ይሸሻል። «እየኝ አልኩህ! ምን ትፈራለህ፣ አልበላህም!» ያን ድንቅ ጆሮ፣ ያን አገጭ፣ የሕይወቷን ምርጥ ሥራ፣ በነጭ ደፍናው በላዩ እንደ አባቷ ሠራችው፤ ክብ ፊት፣ እንቁላል የሚያካክሉ ሁለት ዓይኖች። ጥርሷን ነክሳ ነው የጨረሰችው። ይቅርታ አላለችውም። እሱም አላላትም።

የተለጠፈው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ወንዶቹ መሰላል ላይ ወጥተው ሙጫውን ሰፌድ በሚያክል ብሩሽ ቀቡ፣ ሚኪያስም እጅጌውን ሰብስቦ አብሮ ቀባ፤ ጨርቁ ከላይ ወደ ታች እየተዳመጠ ግድግዳው ላይ አረፈ። እልልታ ቀለጠ። ሰው ሊሳለም መግባት ጀመረ። እትዬ እማዋይሽ እንደ ልማዳቸው በሩ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ናቸው።

በቅርቡ ከአገር ቤት የመጡ አንዲት ባልቴት ተሳልመው ሲያበቁ ወደ ግርጌው አመለከቱ። «ይሄ የሚያየን ሰውዬ ማነው?»

«ልጄ ነው» አሉ እትዬ እማዋይሽ።

ስርጉት ሰማች። ተሳስተው ነው አለች በልቧ። ቀጥሎ አንድ ጎልማሳ ጠየቃቸው። «ልጄ ነው፣ ሚኪያስ ይባላል። ጣሪያውን እሱ ነው ያሠራው» አሉት። ሦስተኛዋ ሳትጠይቅ ነገሯት። ስርጉት የሙጫ ጣሳዋን እንደያዘች በሰው መሐል ሰንጥቃ መጣች።

«ልጅዎ አይደለም!» አለች፤ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ረስታ። «እንዴት ልጄ ይላሉ! ከዚህ ግድግዳ ያወጣዎት ሰው ነው!»

«ወለድኩት አልኩ እንዴ? አበላሁት ነው። ምን ያስጮህሻል?»

«እኔ ነኝ ልጅዎ ማለት የነበረብኝ! እኔ ነኝ የተጣላሁልዎ!»

«ስላንቺ ማን ጠየቀኝ?» አሉና እጇን ሳብ አድርገው ጣቷ ላይ የደረቀውን ሙጫ በጥፍራቸው ይልጡላት ጀመር። «ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ።»

ስርጉት እጇን ነጠቀቻቸውና ወጣች። መኪናዋ ጋ ደርሳ ዕቃዋን ስትወረውር ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች። ሚኪያስ ነው። አሮጊቷ ያሉትን ሰምቷል፤ እጁ እስከ ክርኑ ሙጫ ሆኗል፣ ዓይኑ ቀልቷል።

«ቦታ አለ?» አላት።

«የምን ቦታ?»

«ከሥሯ። በዚያ በኩል። ለእማማ።»

«ቦታማ ነበረ!» የመኪናዋን የኋላ በር ደረገመችው። «ስጠይቅህ የት ነበርክ? ፕሮሰስ ስትለኝ! አሁን ጨርቁ ተለጥፏል፣ ሰው ገብቷል፣ አሁን ቦታ አለ ወይ ትለኛለህ!»

ልዩ ግን መሰላል ተሸክማ እየመጣች ሰምታ ነበር። «አለ» አለች። «አረንጓዴ ብቻ የቀባችው አለ። ሣር ነው ትላለች እንጂ ሣር አይደለም።»

«አንቺ ደግሞ አፍሽን ዝጊ!» አለቻት እናቷ። ቢሆንም የኋላውን በር መልሳ ከፈተችው፤ የቀለም ጣሳዎቹን እያነሣች በንዴት ሚኪያስ ላይ ትቆልላቸው ጀመር። «ያዝ። ይሄንንም ያዝ። ቦታው ዝቅ ያለ ነው፣ የኔ ጉልበት ደግሞ የመጋዘን ጉልበት ነው፣ ደጋግሞ አይታጠፍም። ቀለሙን አንተ ነህ የምትይዝልኝ።»

ሰው ሁሉ እያየ ተመልሰው ገቡ። ስርጉት ግድግዳው ሥር ትራስ ላይ ቁጭ አለች፣ ሚኪያስ አጠገቧ በጉልበቱ ሆኖ ጣሳዎቹን በሁለት እጁ ያዘ። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ስትመጣ «ምን እየሠራህ ነው?» አለችው። «ቆይ፣ እነግርሻለሁ» አላት፤ «ዛሬ እነግርሻለሁ።»

እትዬ እማዋይሽ ከወንበራቸው «ተዉ እንጂ! ምን አድርጌ!» እያሉ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«ነጠላዎን ያውርዱ!» ብላ ጮኸችባቸው ስርጉት። «ወደኔ ይመልከቱ። ሁለተኛ 'ምን አድርጌ' ቢሉኝ ትቼ ነው የምሄደው!»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አወረዱ። ስርጉት ብሩሹን ነከረች፤ ጣሳው ተንቀጠቀጠ፣ ቀለሙ ተደፋባት።

«አታንቀጥቅጠው» አለችው ሚኪያስን፣ ሳታየው። «ገና ዓይናቸውን አልጀመርኩም።»